አብሮን ነው የሚበላው

ማዕዶት ጸጉሯን ግማሹን ሠርታ፣ ግማሹን እንደጎፈረ ትታ፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ሳለ ነው እማማ ሮማን በስልክ ቤት ሲያፈርሱ የሰማቻቸው።

መጀመሪያ ቁም ነገር አልመሰላትም። እማማ ሮማን ስልክ ሲያወሩ ሰውየው ወንዝ ማዶ የቆመ ይመስል ይጮኻሉ። የሚያወሩትም ወይ አዲስ አበባ ካለችው እህታቸው ጋር ነው፣ ወይ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር፤ ወሬውም ያው ጉልበትና ደም ግፊት ነው። ስለዚህ ማበጠሪያዋን በጥርሷ ነክሳ ሹሩባዋን ቀጠለች። ከስፒከሩ አንድ የማታውቀው የወንድ ድምፅ «አራተኛው ሰውስ ማነው?» ሲል ግን እጇ ጸጉሯ ላይ ቀረ።

«ሂርጳ ነዋ» አሉ እማማ ሮማን። «የገነት ደባል። ደባል ልበለው እንጂ እንደ ልጃችን ነው።»

«አብሯችሁ ነው የሚበላው?»

«ምን ማለትዎ ነው? አንድ ቤት እየኖርን ለየብቻ ልንበላ? እኛ እንደዚያ ያለን ሰዎች አይደለንም። አብሮን ነው የሚበላው።»

«ሥራ አለው?»

«እንዴታ። ታክሲ ይነዳል። ሌሊቱን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ነው የሚያድረው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እግዜር ይባርከው።»

ማዕዶት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ማበጠሪያው ጥርሷ ላይ ነበር። እማማ ሮማን የያዙት ስልክ የእናቷ የገነት ስልክ ነው። ገነት ጠዋት ኤደን ፕሬሪ ወዳለው የዌርሃውስ ሥራዋ፣ ወደ መጋዘኑ፣ ስትሮጥ ቻርጀር ላይ ረስታው ሄዳለች። ማዕዶት ልትነጥቅ እጇን ስትዘረጋ እማማ ሮማን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን መቷት። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሰውየው ተከትሎ ተረጎመ።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚያው ፊሊፕስ ሰፈራችሁ ሌላ የማየው ቤት ስላለኝ ብቅ ብዬ ቤታችሁን ባየው ይቻላል ወይ ነው የምትለው።»

«ቤት የእንግዳ ነው። ትምጣ።»

ስልኩ ተዘጋ። ማዕዶት ማበጠሪያውን ተፋችው።

«ማን ነበር?»

«ካውንቲ የሚሉት የመንግሥት ቢሮ ነው፣ የስታምፑ።» እማማ ሮማን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፈገግ አሉ። «አንድ ሰው አስጨመርኩላችሁ።»



ድሮ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጎማ ከደብተር የሚቀደድ የወረቀት ኩፖን ነበር አሉ፤ ስሙ እንዳለ ወረቀቱ ጠፋ። ማዕዶት የምታውቀው በየወሩ የሚሞላውን ካርድ ነው። የእናቷ የሥራ ሰዓት ከተቀነሰ ወዲህ ደመወዟ ለቤቱና ለመኪናው ነው የሚሄደው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው ምስሩም፣ ዘይቱም፣ ቲማቲሙም በካርዱ ነው የሚገባው። አምና ካርዱ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ያኔ እናቷ «እኔ ሥራ ቦታ በልቼ ነው የመጣሁት» እያለች ሳህኗን ወደ ማዕዶት ስትገፋ ሰንብታለች። ማዕዶት አንድም ቀን አላመነቻትም፤ ግን በልታለች። ያ ትዝ ሲላት እስከ ዛሬ የምትገባበት ይጠፋታል።

«እማማ፣ ለምንድነው ጋሽ ሂርጳን ያስቆጠሩት?» አለች። ማዕዶት እማማን «አንቺ» ነው የምትለው፤ አንቱታው የሚመጣላት ሲጨንቃት ብቻ ነው።

«ሦስት አፍና አራት አፍ እኩል ነው እንዴ? ትምህርት ቤት ምንድነው የሚያስተምሩሽ?» እማማ ሮማን ወንበር ስበው ተቀመጡ። የገነት አክስት ናቸው፤ ሙሉ ስማቸው ሮማነወርቅ ነው፤ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከመጡ ገና ሁለተኛ የበረዶ ክረምታቸው ነው። «በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስኳር የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነበር። ኩፖንሽን ይዘሽ ትሰለፊያለሽ፣ ስንት ነሽ ትባያለሽ። ቆጣሪው ቤት ለቤት ሲመጣ ታዲያ ከጎረቤት ልጅ ተዋውሰን ነበር የምናስቆጥረው። እናትሽ ራሷ በእቅፍ እያለች ሦስት ቤት ተቆጥራለች። አንዱ ቤትማ ወንድ ሆና ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ማዕዶት በዚህ ወሬ መሬት ላይ ተንከባልላ በሳቀች።

«እዚህ ቀበሌ አይደለም።»

«መንግሥት ያው መንግሥት ነው። አፍ ይቆጥራል።»

«እዚህ የሚቆጥሩት አፍ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝም ነው። አብሮ ገዝቶ፣ አብሮ አብስሎ የሚበላ ሰው ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚታየው። ጋሽ ሂርጳ አብሮን ይበላል ካሉ የጋሽ ሂርጳ ደመወዝ የኛ ደመወዝ ሆነ ማለት ነው። ካርዱን ይዘጉታል። እስከዛሬስ ለምን አልተናገራችሁም ብለው ማሚን ይጠይቋታል። ፍሮድ ነው የሚሉት እሱን።»

«ምንድነው ፍሮድ?»

«ማጭበርበር።»

የእማማ ሮማን ፈገግታ ከፊታቸው ላይ እንደ ውሃ ፈሶ አለቀ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ግድግዳው የሚሰማ ይመስል፣ «ያስሯታል?» አሉ።

«አላውቅም» አለች ማዕዶት።

«እኛ ሰፈር አንዱ ሁለት ልጅ አብዝቶ ተገኘና ስሙን በስብሰባ ጠርተው አስቆሙት። ከዚያ በኋላ የት እንዳደረሱት እንጃ።» እማማ ሮማን እጃቸውን ነጠላው ሥር ደበቁ። «ታዲያ ምን ልበል ነበር? አብሮን አይበላም ልበል? አንድ ጣራ ሥር እየኖረ አብሮ አይበላም ማለት እኮ ተጣልተናል ማለት ነው። ወይ እኛ ስስታም ነን፣ ወይ እሱ መርዝ ነው ማለት ነው። ያን የመሰለ ልጅ በሰው ፊት እንዴት እንደዚያ እለዋለሁ?»

ለእናቷ መደወል አይቻልም፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እናቷ ኤደን ፕሬሪ ናት። ትምህርት ቤት ለስፕሪንግ ብሬክ ዕረፍት ተዘግቷል፤ ጓደኞቿ የየራሳቸው ጉዳይ ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ጭንቅላት የሷ ብቻ ነበር፤ እሱም ገና ግማሽ ጸጉሩ ነው የተሠራው። ሴትዮዋ መጥታ ሂርጳ የሚባል ሰው ባታገኝስ? ማዕዶት ይህ ሐሳብ ሲመጣላት ብልህ የሆነች መሰላት። የፈራ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ያየው ቀዳዳ ሁሉ በር ይመስለዋል።

የሂርጳን ክፍል በር ደበደበች።

ሂርጳ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ከተኛ ብዙም አልቆየም። ዓይኑን እያሸ፣ በፒጃማው ብቅ አለ። ወለጋ የተወለደ፣ ትልቅ ሰውነትና ትንሽ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ጋሽ ሂርጳ፣ ተነሥተህ ከቤት ውጣ።»

«ኪራይ ከፍያለሁ እኮ።»

«ካውንቲ እየመጣ ነው። እማማ አብሮን ነው የሚበላው ብለው አስቆጥረውሃል። እዚህ ካገኙህ ማሚን አጭበርባሪ ነው የሚሏት።»

«ያ ዋቅ» አለ ሂርጳ፣ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ፤ እንቅልፉ በአንዴ ጥሎት ሄደ። «እኔ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ማዕዶት። ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ።»

«ማን ዋሽ አለህ? መኪናህ ውስጥ ተቀመጥ ነው ያልኩህ። መቀመጥ ኃጢአት ነው?»

ሂርጳ ትንሽ አሰበበት። ኃጢአት የሚሆንበትን ጥቅስ ያግኝ አያግኝ አልታወቀም፤ ብቻ ፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ እየተንሸራተተ ወረደ።

ማዕዶት ወደ ኩሽና ሮጠች። የሁዳዴ ጾም እኩሌታው አልፏል፤ እማማ ሮማንና እናቷ ይጾማሉ፣ ማዕዶትም ቤት ውስጥ ትጾማለች። (ከቤት ውጭ ያለው በሷና በፈጣሪዋ መካከል ነው።) ሂርጳ ግን ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴ አይመለከተውም። የፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ የሱ ነው፤ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን በቆሻሻ ፌስታል ዘርግፋ ከኋላ በረንዳው ላይ በረዶው ውስጥ ወሸቀችው። የሱን ስፖንጅ ኪሷ ከተተችው። ምድጃው ላይ ደግሞ ቀይ ክዳን ያለው ድስቱ ተቀምጧል፤ ትናንት የሠራው የዶሮ ወጥ ግማሽ ድረስ አለበት። ወደ በረንዳው ይዛው ልትወጣ ስትል ደወሉ ጮኸ።

የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሰው ሲያፍስ ስለከረመ፣ የዚያን ክረምት ፊሊፕስ ውስጥ በር ሲንኳኳ ዘልሎ የሚከፍት ሰው አልነበረም። ሰው መጀመሪያ መብራት ያጠፋል፣ ከዚያ በመጋረጃ ጫፍ ያያል፣ ከዚያ ልጆቹን ዝም ያሰኛል። ማዕዶትም ድስቱን አቅፋ እንደ ሐውልት ቆመች። ደወሉ ደግሞ ጮኸ። እግሯ ሥር ያለውን ካቢኔት ከፈተች፣ ድስቱን ከተተች፣ ዘጋች። የማን ካቢኔት እንደሆነ አላየችም። ቢያዩም የፈሩ ዓይኖች አያዩም።

ደረጃውን የወጣችው ሴት ወጣት ናት። ጥቁር ሂጃብ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላለች፣ ክንዷ ሥር ታብሌት ይዛለች። ማንም ሳይላት ቦት ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ዙለይሃ እንደምትባል በእንግሊዝኛ ተናገረች። እማማ ሮማን ባጁን ብቻ ነው የሚያዩት። ማዕዶት የሴትዮዋ ካልሲ ላይ ትንንሽ ድመቶች እንዳሉ አየች፤ ይህ ለምን ይበልጥ እንዳስፈራት አላወቀችም።

«እኔ ላስተርጉም» አለች ማዕዶት።

«ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቀድም» አለች ዙለይሃ፤ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የቅድሙ ሰውዬ ድምፅ ወጣ። ረጋ ያለ፣ ዜና እንደሚያነብ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ደህና ዋላችሁ። አስተርጓሚው ነኝ። ቤቱ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ እተረጉማለሁ።»

ሁሉን? ማዕዶት እማማን በዓይኗ ለመነቻቸው። እማማ ግን ወደ ዙለይሃ አጎንብሰው፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ምነው እንዲህ ከሳች፣ እናቷ አታበላትም እንዴ» አሉ። ሰውየው ተረጎመው። ዙለይሃ ከንፈሯን ነከሰች፤ ይሁን እንጂ ታብሌቷን ከፈተች።

«ሂርጳ የሚባል ሰው እዚህ ይኖራል?»

ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመጣ እማማ ሮማን አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ነጠላው ሥር ጣታቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ወይ እየጸለዩ ነው፣ ወይ አፍ እየቆጠሩ። ማዕዶት ቀደመቻቸው።

«ሄዷል» አለች በእንግሊዝኛ። «ሌላ ቤት ገብቷል።»

«ልጅቷ፣ 'ሄዷል፣ ሌላ ቤት ገብቷል' ብላለች» አለ አስተርጓሚው ለእማማ ሮማን።

የራሷ ውሸት በዚያ በሚከበር ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ ተመልሶ ሲመጣ ማዕዶት ጆሮዋ ጋለ። እማማ ሮማን ዞረው አዩዋት። ለአንዲት ቃል ያህል እንኳ ቢናገሩ አለቀ። አልተናገሩም።

«መቼ ሄደ?»

«ትናንት።»

የዙለይሃ ጣት ታብሌቱ ላይ ጻፈ። ማዕዶት ጣቱን እያየች፣ ፊደሎቹ ሁሉ የእናቷ ስም መሰሏት። ሴትዮዋ ተነሥታ ፍሪጁን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። ፍሪጁ ተከፈተ። ከላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ታች ባዶ መደርደሪያ፤ መስታወቱ ላይ የወተት ክብ ምልክት ገና እርጥብ ነው።

«እዚህ ምን ነበር?»

ማዕዶት መልስ ፍለጋ አፏን ስትከፍት ከደረጃው የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እግዚአብሔር ካለ፣ ብላ አሰበች፣ የታችኛው ቤት ሰው ይሁን። በሩ ተከፈተ።

«ማዕዶት፣ እንቅልፍ ወስዶኝ በብርድ ልሞት ነበር እኮ» አለ ሂርጳ ገና ጫማውን እያራገፈ። «ካውንቲው ሳይመጣ ቶሎ ልብላና ልመለስ። ድስቴን የት አደረግሽው?»

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመው። አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።

ሂርጳ ቀና ብሎ ዙለይሃን አየ። ፒጃማው ላይ ትንንሽ መልሕቆች አሉ። ማዕዶት የፍሪጁን በር ያዘች። አሁን እናቷ ሥራ ቦታ ሳጥን እየደረደረች ነው፣ ምንም አታውቅም፤ ማታ ስትመጣ ቤቷ የሌባ ቤት ሆኖ ይጠብቃታል። ይህን ያደረጉት እማማ ሮማን አይደሉም። እሷ ናት።

«የምን ድስት?» አሉ እማማ ሮማን።

የማዕዶት ዓይን ሳያስፈቅዳት ወደ ካቢኔቱ ሄደ፤ የእማማ ሮማን ዓይን ተከተለው። ጎንበስ ብለው ከፈቱት። ቀይ ክዳኑ ተንሸራቷል። የዶሮ ወጡ እየተንጠባጠበ የሽሮ ድስታቸው ላይ ወርዷል፣ ከሽሮው ድስት ወደ ምስሩ ድስት፣ ከምስሩም ወደ ማማሰያው።

እማማ ሮማን ካውንቲውን ረሱ። ባጁን ረሱ። ቀበሌውንም ረሱ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ከጩኸት የባሰ። «በሁዳዴ። የፍስክ ድስት ከጾም ድስቴ ጋር አነባበርሽው?»

«እማማ፣ ደንግጬ ነው።»

«ይኼ ልጅ እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ የሱን ማንኪያ ከማንኪያዬ አነካክቼ አላውቅም። እሱ በድስቱ፣ እኔ በድስቴ። እሱ የራሱን ገዝቶ ይመጣል፣ የራሱን ያበስላል፣ የራሱን ያጥባል። ስፖንጁ እንኳ አረንጓዴው የሱ፣ ቢጫው የኔ ነው። ዘይቱ ለብቻ። ጨው፣ ጨው እንኳ ለብቻ ነው፤ በቅቤ እጁ ነክቶት እንዳይሆን ብዬ። ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ይህን ሁሉ ስጠብቅ ኖሬ በአንድ ቀን አረከስሽብኝ?»

ከኋላቸው የአስተርጓሚው ድምፅ እንደ ጥላ ይከተላቸዋል። ማዕዶት በአማርኛው እያፈረች በእንግሊዝኛው መስማት ጀመረች። የራሱን ይገዛል። የራሱን ያበስላል። ጨው እንኳ ለብቻ ነው። ዙለይሃም መጻፍ አቁማለች። ካቢኔቱ ፊት ተንበርክካ ቀዩን ድስት አየች፣ የሽሮውን ድስት አየች፣ ቀና ብላም እማማ ሮማንን አየች።

«እንግዲያው አብራችሁ አታበስሉም» አለች። «አብሯችሁ አይበላም ማለት ነው?»

ጥያቄው ሲተረጎም እማማ ሮማን ወገባቸውን ቀና አደረጉ። በእንግዳ ፊት፣ ልጁም ራሱ ቆሞ እየሰማ።

«ምን ማለቷ ነው» አሉ። «አብሮን ነው የሚበላው።»

ማዕዶት ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ።

ስልኩ ግን አልተረጎመም። ሰውየው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ፣ «አስተርጓሚው ማብራሪያ መጠየቅ ይፈልጋል» አለ። «እናቴ፣ 'አብሮን ይበላል' ሲሉ ከአንድ ድስት ነው? ወይስ እናንተ ስትበሉ 'እንብላ' ትሉታላችሁ ለማለት ነው?»

«እንዴ፣ 'እንብላ' ሳልለው ጉሮሮዬ ይከፈታል?»

«እሱስ ምን ይላል?»

«'በልቻለሁ' ይላላ። ደግሞም በልቷል፣ ሥጋውን። ወንድሜ፣ ሰው ቤት አድገህ የለም? እንዴት ይኼ ይጠፋሃል?»

«አልጠፋኝም፣ እናቴ። ለሷ እንዲገባት ነው» አለ ሰውየውና ሁሉንም፣ የራሱን መልስ ጨምሮ፣ ተረጎመው።

ዙለይሃ ሂርጳን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ ምግቡን ማን እንደሚገዛ፣ የት እንደሚያስቀምጥ። ሂርጳ ባዶውን መደርደሪያ አሳያት፣ ባዶነቱን ሲያይ ራሱ ደነገጠ። ማዕዶት ምንም ሳትናገር በረንዳው ላይ ወጥታ ፌስታሉን አመጣች። ከኪሷም አረንጓዴውን ስፖንጅ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ግማሹ እንቁላል ተሰብሯል።

ዙለይሃ ፌስታሉን ተመለከተች፣ ከዚያ ማዕዶትን።

«እናትሽ ተከራይ እንዳላት ከመጀመሪያው ነግራናለች» አለች። «የሚከፍላትንም፣ ምግቡን ለብቻው እንደሚያበስልም። ዛሬ በስልክ የሰማሁት ከሷ ቃል ጋር ስላልገጠመልኝ ነው ላጣራ የመጣሁት። ሁለት መደርደሪያና ሁለት ድስት ብመለከት ጨርሼ እሄድ ነበር። አንቺ ግን ሰውየውን ደበቅሽው፣ ወተቱን ደበቅሽው፣ 'ሄዷል' አልሽኝ። ውሸታም ያስመሰልሻት ማንን እንደሆነ ገባሽ?»

ማዕዶት ሁልጊዜ አፏ ላይ የሚጠብቅ መልስ ነበራት። መምህሮቿም፣ እናቷም ይህን ያውቁላታል። አሁን ግን የፌስታሉን አፍ ቋጠረች።

«ፈርቼ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።» ዙለይሃ ቦቷን ለማጥለቅ ጎንበስ አለች። «የኔ አያት ብትሆን ድስቱን በመስኮት ነበር የምትወረውረው።» ከዚያ ፊቷ እንደገና የባለ ባጅ ፊት ሆነ። «ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የነገርሽኝንም እጽፋለሁ። ውሳኔው ለእናትሽ ይደርሳታል።»

«ካርዱ ይዘጋል?»

«ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች ዳግመኛ፤ ወረደች።

ገነት ማታ ገብታ ሁሉንም ስትሰማ አልጮኸችም። ያ ነው ማዕዶትን የገደላት። አንድ እግር ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ «እኔ እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለች፤ ለማንም አይደለም። እማማ ሮማን እስኪመሽ ድስቶቻቸውን በፈላ ውሃና በሎሚ ሲፈትጉ ቆዩ። ሂርጳ አዲስ እንቁላል ገዝቶ መጣ፤ ከፍሪጁ ሲያወጣና ሲያስገባ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ እያየ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማዕዶት ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ፖስታ ያዡ ከታች ሳጥኑን ሲከፍት ደረጃውን ሮጣ ትወርዳለች። ካርዱ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ እናቷን ተከትላ ሱቅ ሄደች። ገነት ጋሪው ውስጥ ዕቃ ስትጨምር ማዕዶት ከኋላ ታስወጣለች፤ ካርዱ ካልሠራ፣ ሰው ፊት የሚመለሰው ዕቃ እንዲያንስ ብላ። ገነት አየቻትና ዘይቱን መልሳ ከተተችው። ካርዱን ማሽኑ ውስጥ አስገብታ ቁጥሯን ነካች። ማሽኑ አሰበ። ኋላቸው የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ማዕዶት ከመሬት በታች የምትገባበት ቀዳዳ እየፈለገች ሳለ ማሽኑ ጢጥ አለና ደረሰኙ መውጣት ጀመረ።

«ተንፍሺ» አለቻት እናቷ።

ዙለይሃ የጻፈችው ለገነት ቃል የሚመሰክር ነበር፤ ሂርጳም በካውንቲው ዓይን ደባል ብቻ ሆኖ ቀረ።

ፋሲካ ሲደርስ እማማ ሮማን ጠዋት የሂርጳን በር በራሳቸው እጅ አንኳኩ። «ዛሬ ፍስክ ነው» አሉት። «ዛሬ 'በልቻለሁ' የሚባል ነገር የለም።» ሂርጳ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ማንም ሳይነግረው ቀይ ክዳን ያለውን ድስቱን ከምድጃው አንሥቶ ለእማማ ትልቅ ድስት ቦታ ለቀቀ። ከአንድ ሰሐን ከበቡ። ዙለይሃ ራሷ ለገነት በስልክ፣ እንግዳ ጋብዞ ማብላት ማንንም ቤተሰብ እንደማያደርግ ነግራታለች፤ ገነትም ለማዕዶት ደጋግማ ነግራታለች። ማዕዶትም ሰምታለች። ጆሮ ሰማ ማለት ግን ሆድ ሰማ ማለት አይደለም።

እማማ ሮማን ትልቁን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ሂርጳ አፍ ሲያመሩ፣ ከታች ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ። ማዕዶት ተነሥታ በሩን በሰንሰለት ቆለፈች። ወደ መስኮቱ ሄዳም መጋረጃውን ዘጋችው። ክፍሉ ጨለመ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ እማማ ሮማን፣ ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ። «በፋሲካ ቀን ፀሐይ ትዘጊብናለሽ?»

ማዕዶት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ኮቴው የታችኛው ቤት በር ላይ ቆመ፤ ቁልፍ ተንቀጨቀጨ።

«ዝም በሉ» አለች በሹክሹክታ። «አብሮን እየበላ ነው።»